የአራቱ ሻማዎች ነገር

በዛሬው ዘመን ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩን ከፍቶ የተላከለትን ደብዳቤ የሚመረምር ወጣት ሠራተኛ ሁሉ «ስፓም» ከሚባለው ክፍል ጋራ ትውውቅ አለው። ያላዘዝነው ማስታወቂያ፣ የማናውቀው ሰው ልመና፣ ያልቈረጥነው ሎተሪ ወጣልህ የሚል የምሥራች እዚያ ይከማቻል። ይህን ስም ማን አወጣለት ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ነገሩ ከቧልት የመጣ ነው። ስፓም በቈርቈሮ ታሽጎ የሚሸጥ የአሜሪካ ሥጋ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜና ከዚያም በኋላ ሥጋ በራሽን ይታደል በነበረበት ወቅት እንግሊዞች እስኪያንገሸግሻቸው ድረስ በልተውታል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1970 ዓ.ም. «የሞንቲ ፓይተን በራሪ ሰርከስ» የተባለው የቢ.ቢ.ሲ. የቴሌቪዥን ዝግጅት አንድ ምግብ ቤት አሳየ፤ በዚያ ምግብ ቤት ስፓም ያልገባበት ምግብ የለም ማለት ይቻላል። አንዲት ሴት ያለ ስፓም ይሰጠኝ ብትል ሰሚ አጣች፤ ጥግ ይዘው የተቀመጡ የቫይኪንግ ተዋጊዎች ደግሞ የስፓምን ስም እየደጋገሙ በመዝፈን የሰውን ንግግር ሁሉ ዋጡት። ከብዙ ዓመት በኋላ በኮምፒውተር የሚጨዋወቱ ወጣቶች አንድ ቃል እየደጋገመ ጨዋታቸውን የሚያጥለቀልቅ ሰው ሲገጥማቸው ያ ዘፈን ትዝ አላቸውና ስሙን አወጡለት። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በዚያው በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።)

ተማሪውም ቢሆን ከዚሁ አያመልጥም። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚማር ሰው ስሙ ከዘንዶ የተወሰደ ይመስለዋል። የቋንቋው ፈጣሪ ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም ግን ስሙን የወሰደው ከዚሁ የቧልት ዝግጅት ነው፤ ሥራውንም በ1991 ለሕዝብ አወጣ። በዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ አንድ ጓደኛዬ ይህን የሰማ ዕለት ማታ ጥናቱን ትቶ ሲስቅ አደረ፤ በማግሥቱ እኔን አስተማረኝ፤ የፈተናው ሰሞን እንዴት እንዳለፈ ባልናገር ይሻላል።

ስለዚህ በልደታቸው ከዝግጅቱ ብዙ ዓመት ወዲህ የሆኑ ወጣቶች፣ በብሪታንያም ሆነ በሌላው አገር፣ ወደነዚህ አሮጌ ጭውውቶች ቢሳቡ የሚያስደንቅ አይደለም። ሞንቲ ፓይተን ከ1969 እስከ 1974 በ45 ክፍል የታየ ነው፤ ከስድስቱ ሰዎች አምስቱ ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ የወጡ ነበሩ። በ2008 በዩቲዩብ የራሳቸውን ገጽ ከፈቱ፤ በ2018 ደግሞ ሥራቸው በኔትፍሊክስ ለመታየት በቃ። አያት በጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ያየውን የልጅ ልጅ በኪስ ስልኩ ያየዋል። ይሁን እንጂ ሽማግሌዎቹ ያጉረመርማሉ፤ ልጆቹ የሚስቁት በሰዎቹ ፀጉርና በሱሪያቸው ስፋት ነው እንጂ ቁም ነገሩ አልገባቸውም ይላሉ።

ይህ አባባል በከፊል እውነት ነው። በ1962 እና በ1963 «ያለፈው ሳምንት እንዲህ ነበረ» ለማለት በሚመስል ስም በዴቪድ ፍሮስት አቅራቢነት የታየ ሌላ የቢ.ቢ.ሲ. ዝግጅት ነበር። በጊዜው ሚኒስትሮችን እያሳቀቀ አገሩን ሁሉ አነጋግሯል። ዛሬ ግን ያን ዝግጅት የሚያይ ወጣት የጠቅላይ ሚኒስትር ማክሚላንን ዘመን ታሪክ በእጁ ይዞ ካልሆነ በቀር ሣቁ ከየት እንደሚመጣ አያውቅም። የሰሞኑን ወሬ የተመረኰዘ ቀልድ ከሰሞኑ ጋራ ይሄዳል። ቃልን የተመረኰዘው ቀልድ ግን ሌላ ነው፤ ተመልካቹ ይዞ እንዲመጣ የሚፈለገው ጆሮውን ብቻ ነው።

የዚህ ዐይነቱ ዋና ምሳሌ «ሁለቱ ሮኒዎች» በተባለው ዝግጅት በ1976 የታየው የብረታ ብረት ሱቅ ጭውውት ነው። ሮኒ ባርከርና ሮኒ ኮርቤት ከ1971 እስከ 1987 አብረው ሠርተዋል፤ አንዱ ወፍራም፣ ሌላው እጅግ አጭር። በዚህ ጭውውት ባርከር የሥራ ልብስ የለበሰ ገዢ ነው፤ ኮርቤት ባለ ሱቅ ነው። ገዢው ሲጠይቅ ባለ ሱቁ «ፎር ካንድልስ» ብሎ ሰማና አራት ሻማ አወጣለት። ሰውየው የፈለገው ግን «ፎርክ ሃንድልስ»፣ የመንሽ እጀታ ነው። ተራው የእንግሊዝ ሠራተኛ በቃል መነሻ ላይ ያለውን «ህ» ስለሚውጠው ሁለቱ አነጋገሮች በድምፅ አንድ ይሆናሉ። ቀጥሎ «ኦዝ» ስጠኝ ይላል። ባለ ሱቁ መኰትኰቻ ያመጣል፤ አይደለም። የውሃ ማጠጫ ጎማ ያመጣል፤ አይደለም። ስስ የሴት ካልሲ ያመጣል፤ እሱም አይደለም። የተፈለገው በር ላይ የሚለጠፈው «ኦ» የተባለው ፊደል ኖሯል። እንግዲህ ባለ ሱቁ ትምህርት አገኘ። ገዢው «ፒዝ» ሲለው ነቅቻለሁ ብሎ «ፒ» የተባለውን ፊደል ይዞለት መጣ፤ አሁን ግን የተፈለገው በቈርቈሮ የታሸገ አተር ሆነ። የጭውውቱ ብልኀት እዚህ ላይ ነው፤ ባለ ሱቁን የሚያሳስተው አለማወቁ ብቻ ሳይሆን ማወቁም ነው።

ከቅኔ ቤት ደጃፍ ያለፈ አንባቢ ይህን ሲያይ ኅብር ነው ይላል፤ አንዱ ድምፅ ሰሙንም ወርቁንም ይሸከማልና። ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ፤ እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝም እርሱ ነው። በእኛ ፊደል «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉም ሆነ «ገና ነው» የምንለው አንድ ጽሕፈት ነው፤ «ዋና»ም እንደዚሁ የወንዙና የአለቃው ነው። የሚለያቸው ማጥበቅና ማላላት ስለ ሆነ ጆሮ ይፈታቸዋል እንጂ ወረቀት አይፈታቸውም። የእንግሊዞቹ ጨዋታ የዚህ ግልባጭ ነው። ጆሮ የማይፈታውን ወረቀት ይፈታዋል፤ ሻማውና እጀታው በጽሕፈት ይለያያሉ።

ታዲያ የዛሬ ወጣት ቴሌቪዥንን እንዴት ያያል? በአውቶቡስ ተቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከሥዕሉ ሥር የሚወጣውን ጽሑፍ እያነበበ ነው። ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ሰው ወይም መኪና ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግዴታው ነው። ሻማ ብሎ ቢጽፍ ገዢው ውሸታም ይመስላል፤ እጀታ ብሎ ቢጽፍ ባለ ሱቁ ደንቈሮ ይመስላል፤ በሁለቱም መንገድ ወርቁ ከሰሙ ቀድሞ ወጣ። መስማት ለተሳናቸው ሰዎች ይህ ጽሑፍ ታላቅ በረከት መሆኑን አልክድም። ለሚሰማው ሰው ግን፣ በዚህ ዐይነቱ ቀልድ ላይ፣ የሚያስረዳ መስሎ የሚሰርቅ ነው።

ደግሞም ይህ ሀብት ለዛሬ የደረሰው ጠባቂዎቹ ስለ ጠበቁት ብቻ አይደለም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የቴሌቪዥን ቴፕ ውድ ስለ ነበረ፣ ዝግጅት ለመድገምም የተዋናዮች ውል ይከለክል ስለ ነበረ፣ ቢ.ቢ.ሲ. ብዙውን ሥራ እየደመሰሰ በላዩ ሌላ ይቀዳበት ነበር። ከ1965 እስከ 1970 ፒተር ኩክና ዱድሊ ሙር ያቀረቡት ዝግጅት አብዛኛው በዚህ መንገድ ጠፍቷል፤ ኩክ ወጪውን ልክፈልና ይቀመጥ ብሎ ለምኖ እንዳልተሳካለት ይነገራል። በሌላው የቴሌቪዥን ድርጅት በ1967 የታየው «በመጨረሻ የ1948 ዝግጅት» የተባለውም ከዚሁ ዕጣ ብዙ ደርሶታል። አራት ባለጸጎች ተቀምጠው በልጅነቴ ከሁላችሁ ይልቅ ድኻ የነበርኩ እኔ ነኝ እያሉ የሚፎካከሩበት ጭውውት የተጀመረው እዚያ ነው፤ ወጣቶቹ የሞንቲ ፓይተን ነው የሚሉት ፓይተኖች በመድረክ ስለ ደጋገሙት ነው። ከጠፉት ክፍሎች ሁለቱ በ2014 ከሟቹ ከዴቪድ ፍሮስት ንብረት ውስጥ ተገኙ። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ ተቀጥሮ ይህ ወረቀት ምን ይሠራል ተብሎ ሲጣል ያየ ወጣት ነገሩ በደንብ ይገባዋል።

ዛሬ ቴፑ ርካሽ ሆነ፤ የሚያሰጋው ሌላ ነው። በሰኔ 2020 ኔትፍሊክስና ቢ.ቢ.ሲ. «ትንሿ ብሪታንያ» የተባለውን የኋለኛ ዘመን ቧልት ነጭ ተዋናዮች ፊታቸውን አጥቍረው ስለሚጫወቱበት ከዝርዝራቸው አወጡት፤ በ2022 የተወሰነው ተቈርጦ በቢ.ቢ.ሲ. ተመለሰ። በአሮጌዎቹም ዘንድ ይህ ነውር አለ፤ ሁለቱ ሮኒዎችም ከዚህ ንጹሕ አልነበሩም። ጥቁር ሰው ሆኖ ያን የሚያይ ሰው አይስቅም፤ ሳቅ ተብሎም ሊገደድ አይገባም። ይሁን እንጂ በእኔ አስተያየት በጸጥታ ከመቍረጥ ይልቅ ዘመኑንና ጥፋቱን ከፊት ጽፎ ሙሉውን ማቅረብ ይበልጣል። የተቈረጠውን ብቻ ያየ ትውልድ አያቶቹ በምን ይስቁ እንደ ነበር አያውቅም፤ ማወቁ ደግሞ ለሳቅ ብቻ የሚጠቅም አይደለም።

ስለ ባርከር አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቈጨኛል፤ ወጣት ባለሥልጣኖች ይወዱታልና። በ1960ዎቹ መጨረሻ በአንድ ዝግጅት ተዋናይ ሆኖ ሲሠራ ጭውውቶች ጽፎ ጄራልድ ዋይሊ በሚል የውሸት ስም ይልክ ጀመር። በስሜ ብልክ ይሉኝታ ይዟቸው ይቀበሉኛል ብሎ ነው። ጽሑፎቹ ተወደዱ፤ ዋይሊ ማን ነው ተብሎ መላ ምት ሆነ፤ አንዳንዱ ታላቁ የቴአትር ደራሲ ቶም ስቶፓርድ ነው አለ። በመጨረሻ ዋይሊ ሁሉንም እራት ጋበዘና ባርከር ተነሥቶ እኔ ነኝ አለ። የሻማውንም ጭውውት የጻፈው በዚሁ ስም ነው። ባርከር በ2005 ሞተ፤ በ2006 በዌስትሚንስተር አቢ በተደረገው የመታሰቢያ ጸሎት ሻማ ተሸካሚዎቹ እንደ ልማዱ ሁለት ሳይሆኑ አራት ሆነው ገቡ። ኮርቤትም በ2016 ሲቀበር በቤተ ክርስቲያኑ አራት ሻማ ቆመለት።

ጭውውቱ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። ዛሬ ከሥራ ሲወጡ ለማየት የሚፈልጉ አንባቢ ቢኖሩ፣ አስቀድመው የግርጌውን ጽሑፍ ያጥፉት፤ እንግሊዝኛው ቢያስቸግርዎት እንኳ ለሁለተኛው ጊዜ ያብሩት እንጂ ለመጀመሪያው አይሁን።