ድግሱ የእኛ፣ ትርፉ የሌላ እንዳይሆን

ላኪዎቻችን ወደ ውጭ የንግድ ትርኢት ሲሄዱ ባንዲራ ሰቅለው፣ ቡና አፍልተው፣ የዝዋይን ወይን ጠጅ አቅምሰው ይመለሳሉ። መልካም ነው። ነገር ግን ስሙና አሠራሩ በሕግ ካልተያዘ ድግሱ ለሌላ ነው።

ሁለቱንም አይተናል። መንግሥት ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2005 ለአሜሪካ አመለከተ፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ስታርባክስ በ2007 የፈቃድ ስምምነት ፈረመ። በዚያው ዓመት ግን የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት የአውሮፓ ፓተንት ለአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ተሰጠ። የሄግ ፍርድ ቤት የኔዘርላንድሱን ፓተንት ውድቅ እስኪያደርገው 2018 ደረሰ።

እንግዲህ የማርና የጠጅ ላኪ ለትርኢት ቦታ ኪራይ ከመክፈሉ በፊት ለስሙ ማስመዝገቢያ ይክፈል። አለዚያ ከእኛ የቀመሰው ከሌላው ይሸምታል።