ድምፅ ያጣችው ዘፋኝ እና ተናጋሪው ሰይፍ

ትራንዚስተር የተባለው ጌም ሲከፈት ሬድ የምትባል ታዋቂ ዘፋኝ ከአንድ ሰው አስከሬን አጠገብ ተንበርክካ ትታያለች። በሰውየው ደረት ላይ ከእሷ ቁመት የማይተናነስ፣ ብርሃን የሚረጭ ሰይፍ ተሰክቷል። ሰይፉ ይናገራል፤ የሚሰማውም የሟቹ ድምፅ ነው። ሬድ ግን ድምፅዋን ተነጥቃለችና በቃል መልስ አትሰጠውም። ሰይፉን ነቅላ መሬት ለመሬት እየጎተተች ክላውድባንክ በተባለችው ከተማ ጎዳናዎች መጓዝ ትጀምራለች።

ጌሙ የወጣው በግንቦት 2014 እ.ኤ.አ. ለፕሌይስቴሽን 4 እና ለኮምፒውተር ነው። ሠሪው ሱፐርጃያንት ጌምስ፣ አሚር ራኦና ጋቪን ሳይመን ከግዙፉ ኤሌክትሮኒክ አርትስ ወጥተው በ2009 የመሠረቱት አነስተኛ ስቱዲዮ ሲሆን፣ መቀመጫው ሳንፍራንሲስኮ ነው። በ2011 ያወጣው የበኩር ሥራው ባስቲዮን፣ የተጫዋቹን እርምጃ ተከትሎ በሚተርክ ድምፅ ስም አትርፎ ነበር። የዚያ ተራኪ ሎጋን ካኒንግሃም በትራንዚስተር የሰይፉን ድምፅ ይጫወታል።

የጌሙ ሠዓሊ የጄን ዚ ሥዕል ዓይን ይማርካል። ወርቃማ መስመሮችና የሚያበሩ አረንጓዴ መስኮቶች ተዋሕደው የቪየናውን ሠዓሊ የጉስታቭ ክሊምትን ሥራዎች ያስታውሳሉ። እንዲህ ያጌጠ ጌም በወጣ ቁጥር የሚነሳ የታወቀ ጥርጣሬ አለ፤ ጌጡ ቢገፈፍ ከሥሩ የሚጫወቱት ነገር ይገኝ ይሆን? የትራንዚስተር የመጀመሪያ ሰዓታት ለዚህ የሚሰጡት መልስ ጠንከር ያለ ነው። እዚህ ጌጡና የጨዋታው ሕግ አንድ ላይ ተፈትለዋል። ጌሙ የሚደምቀው ሁለቱ ሲጣመሩ፣ የሚደክመውም ሲለያዩ ነው።

ውጊያውን እንመልከት። ትራንዚስተር አክሽን አርፒጂ ነው፤ ተጫዋቹ በቀጥታ እየተዋጋ የባለታሪኳን ችሎታ ያሳድጋል። ተርን የሚባለው ስልት ግን ይህን ፍጥነት ይሰብረዋል። ቁልፉ ሲጫን ጊዜ ቀጥ ይላል፤ ተጫዋቹ ሬድ የት እንደምትሄድና ማንን በምን እንደምትመታ ተራ በተራ ያቅዳል። ዕቅዱ ሲለቀቅ ሁሉም በዓይን ጥቅሻ ይፈጸማል። ከዚያ በኋላ ጉልበቷ እስኪመለስ ሬድ አብዛኛውን ችሎታዋን ሳትጠቀም መሸሽና መደበቅ ይኖርባታል። በዚህ የዕቅድ ሰዓት ሙዚቃው ይታፈንና የሬድ እንጉርጉሮ ይሰማል። በአንደበቷ መናገር የተሳናት ሴት ዓለምን አስቁማ የምታስበውን ተጫዋቹ በጆሮው ይከተላል።

ችሎታዎቹ ደግሞ አሥራ ስድስት ናቸው። እያንዳንዳቸው በሦስት መንገድ ይሠራሉ፦ ራሳቸውን ችለው እንደ ጥቃት፣ በሌላ ጥቃት ላይ እንደ ማጠናከሪያ፣ ወይም ሬድን ሁልጊዜ እንደሚያግዝ ባሕርይ። ጠላትን ለጊዜው ወዳጅ የሚያደርገው ስዊች፣ በሌላ ጥቃት ላይ ሲጨመር ያን ጥቃት የማማለል ኃይል ይሰጠዋል። ስለዚህ ተጫዋቹ በየምዕራፉ ያለውን መልሶ ያፈርሳል፣ ይገጣጥማል፣ ይሞክራል።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ የቀመር ጨዋታ በሆነ ነበር። ክብደቱ የሚመጣው የእያንዳንዱ ችሎታ ምንጭ ሰው መሆኑ ሲታወቅ ነው። ፕሮሰስ የተባለው ኃይል ከተማዋን እየበላ ሳለ ሰይፉ የሟቾችን አሻራ ይሰበስባል፤ ሬድ የምትታጠቀውም ያንኑ ነው። ስለ አንድ ሟች የበለጠ ለማወቅ ችሎታውን በሦስቱም መንገድ መጠቀም ግድ ይላል። ሲቢል ራይስ ከከተማዋ ምስጢራዊ ቡድን፣ ከካሜራታ አባላት አንዷ ናት። ሬድ ትዘፍንበት በነበረው መድረክ ላይ ገጥማ ካሸነፈቻት በኋላ የሲቢል አሻራ በውጊያ አጋዥ የሚጠራ ችሎታ ሆኖ ይመጣል። ጠላት የነበረችው ሴት ከዚያ ወዲያ በመሣሪያነት አብራ ትጓዛለች፤ ድሉም እንደ ሌሎች ጌሞች ጥርት ያለ ደስታ አይሰጥም።

ሽንፈትም በዚሁ መንገድ ተቀርጿል። የሬድ ጤና ሲያልቅ ጨዋታው ወዲያው አይቋረጥም፤ ከታጠቀቻቸው ችሎታዎች አንዱ ይሰናከላል፣ እስኪመለስም ጊዜ ይወስዳል። የለመዱትን ያጣ ተጫዋች ችላ ወዳላቸው ችሎታዎች መዞር ይገደዳል። በዚህ አጋጣሚ ያልተነበበ የሰው ታሪክም ይከፈታል።

ዳረን ኮርብ የደረሰው ሙዚቃና አሽሊ ባሬት በሬድ ስም የዘፈነቻቸው ዘፈኖች ከዚሁ ሐሳብ ጋር ይሄዳሉ። አንድ ቁልፍ ሲጫን ሬድ ቆማ ከሚሰማው ሙዚቃ ጋር ታንጎራጉራለች። ለውጊያው የሚጨምረው አንዳች ጥቅም የለም፤ የሬድ ሰብዕና ግን ከብዙ ትዕይንቶች ይልቅ በዚያች ቁልፍ ይታወቃል። በጎዳናው ላይ በሚገኙ የሕዝብ መረጃ ማሳያዎችም አስተያየት ትጽፋለች፤ አንዳንዴ ጀምራ ትሰርዘውና ሌላ ትተካለች። ለሰይፉ የምትመልስለት በጽሑፍ ብቻ ነው።

ነገር ግን ጥምረቱ የሚላላበት ቦታም አለ። ጸሐፊው ግሬግ ካሳቪን፣ ቀድሞ የጌምስፖት ዋና አዘጋጅ የነበረው፣ ስለ ክላውድባንክ ያሰበው ብዙ ነው። ነዋሪዎቿ የአየሩን ጠባይ ሳይቀር በድምፅ ብልጫ ይወስናሉ። ይህ ሁሉ ግን በአብዛኛው የሚገኘው በጽሑፍ መዝገቦች ውስጥ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ቤቶቹ አይገቡባቸውም፣ ከተማዋም ነዋሪዎቿ ከጠፉ በኋላ የምትታይ ስለሆነች ተጫዋቹ የሚያለቅስላት ከተማ ምን እንደነበረች በወጉ ሳያውቅ ያልፋል። ተርንም የራሱ ዕዳ አለው፤ ዕቅዱ እጅግ ኃይለኛ በመሆኑ በቀጥታ መዋጋቱ ብዙ ጊዜ ጉልበት እስኪመለስ የመጠበቂያ ሩጫ ይሆናል።

ስቱዲዮው ይህን ጉድለት የተረዳው ይመስላል። በታህሳስ 2018 ገና ሳያልቅ ለተጫዋቾች የቀረበው፣ በመስከረም 2020 የተጠናቀቀው ሔድስ የተባለው ጌሙ የትራንዚስተርን ሐሳብ ይዞ መዝገቦቹን ወደ ንግግር ቀይሯል። ባለታሪኩ ዛግሪየስ በሞተ ቁጥር ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል፤ እዚያ የሚጠብቁት ገጸ ባሕርያትም ማን እንደገደለውና በየትኛው መሣሪያ እንደተዋጋ እያነሱ ያወሩታል። ሽንፈት የሰዎችን ታሪክ የሚከፍትበት ያ የትራንዚስተር ሕግ እዚህ አንደበት አገኘ። ሥራው በ2021 ለሥነ ጽሑፍና ለፊልም ሲሰጥ የኖረውን የሁጎ ሽልማት የወሰደ የመጀመሪያው የቪዲዮ ጌም ሆኗል።