«ፓርኬ ነው» ሲባል የትኛው ፓርኬ?

ደላላ «ቤቱ ፓርኬ ነው» ሲል ከሁለት አንዱን ማለቱ ነው። ወይ ወለሉ ከእንጨት ተሠርቷል፣ ወይም የእንጨት ፎቶግራፍ ለብሷል። ሁለቱ ዕቃዎች በአንድ ስም መጠራታቸው ለሻጭ ይመች ይሆናል፤ ለገዥና ለተከራይ ግን ድብቅ ወጪ ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ከላሚኔትና ከእንጨት ፓርኬ አንዱን ለመምረጥ የካሬ ዋጋ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። ቤቱ ስንት ዓመት ሊያዝ ታሰበ? ከዋጋው ልዩነት የሚተርፈው ገንዘብስ የት ይውላል? መልሱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በቅድሚያ ዕቃውን እንወቀው። ላሚኔት የስዊድኑ ፐርስቶርፕ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የፈለሰፈው የወለል ንጣፍ ነው። መሀሉ እንጨት ተፈጭቶ በሙጫና በግፊት የተጠቀጠቀ ሰሌዳ ሲሆን፣ በላዩ የእንጨት መልክ የታተመበት ወረቀት፣ ከወረቀቱ በላይ ደግሞ ጠንካራ ግልጽ ሽፋን አለው። ቶሎ አለማለቁን የሚወስነው ይህ ስስ ሽፋን ነው። በገበያ ግን ድርድሩ «8 ሚሊ ነው ወይስ 12?» በሚል ውፍረት ላይ ያተኩራል። ሊነበብ የሚገባው ካርቶኑ ላይ «ኤሲ» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ነው። ለመኖሪያ ቤት ኤሲ 3 ሲበቃ፣ እግር ለሚበዛበት ሱቅና ቢሮ ኤሲ 4 ወይም 5 ያስፈልጋል። ባለ 8 ሚሊው ኤሲ 4 ከባለ 12 ሚሊው ኤሲ 3 ይልቅ መጫጫርን ይችላል።

የእንጨት ፓርኬ ሲያረጅ በማሽን ተፍቆ እንደገና ቫርኒሽ ይቀባል። ላሚኔትን መፋቅ ግን ፎቶግራፉን መፋቅ ነው። ከቡና ማፍያው የወደቀ ፍም ሁለቱንም ያቃጥላል፤ የእንጨቱ ጠባሳ ሲፋቅ ይጠፋል፣ የላሚኔቱ ሰሌዳው ካልተለወጠ አይለቅም። በዓል ሲመጣ የሚጎዘጎዘው እርጥብ ቄጠማና በባልዲ ውኃ የሚደረገው ጽዳትም በመጋጠሚያው በኩል እየሰረገ ላሚኔቱን ያሳብጠዋል። እንጨቱም ውኃ አይወድም፤ ሆኖም ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ ይታደሳል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ለንጽጽር ያህል፣ የገበያ ዋጋ ነው ሳንል፣ ላሚኔቱ ከነሥራው በካሬ 100፣ የእንጨቱ 300 ነው እንበል። ላሚኔቱ 10 ዓመት ቢያገለግል የዓመት ወጪው 10 ነው። የእንጨቱ ፓርኬ በ40 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ በ40፣ በ40 ቢታደስ ድምሩ 380 ሲሆን፣ ለዓመት 9.50 ይደርሳል። ላይ ላዩን ሲታይ እኩል ናቸው። ነገር ግን የ200 ልዩነት በዓመት 10 በመቶ በሚያተርፍ ንግድ ውስጥ ቢሽከረከር 20 ያስገኛል፤ ይህም የላሚኔቱን የዓመት ወጪ እጥፍ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ሥራ ላይ ለሚውልለት ነጋዴ፣ በተለይም ለሚያከራየው ወይም በቅርቡ ለሚሸጠው ቤት፣ ላሚኔት ትክክለኛ ምርጫ ነው።

የተረፈውን ገንዘብ ለማያሠራ ሰው ግን ስሌቱ ይገለበጣል። ከውጭ የሚገባ ላሚኔት ሁለተኛው ግዥ በመጀመሪያው ዋጋ አይገኝም። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ልጆቹን በቤቱ ለሚያሳድግ ደመወዝተኛ እንጨቱ ወለል ብቻ ሳይሆን ቁጠባም ነው። የነገውን ግዥ በዛሬ ብር ከፍሎ እንደጨረሰ ይቆጠራል።

ይሁንና እንጨት የሚገዛ ሰው የእንጨቱን ምንጭ ይጠይቅ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና የሐበሻ ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። አዋጁ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. በወጡ ሕጎች ቢተካም ሰነድ የሌለው የዝግባ ጣውላ ርካሽ በመሆኑ ብቻ ደህና ግዥ አይሆንም።

ሁለቱንም የሚያበላሸው ችኮላ ነው። አዲስ የፈሰሰ የሲሚንቶ ሊሾ እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ድረስ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ቢያንስ አንድ ሳምንት መድረቂያ ይፈልጋል፤ በክረምት ደግሞ ከዚያም በላይ። ከላሚኔቱ ሥር እርጥበት የሚከለክል ላስቲክ ሊነጠፍ፣ በግድግዳው ዙሪያም ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተትቶ በዞኮሎ ሊሸፈን ይገባል። ቤቱን ለማከራየት ተጣድፎ በእርጥብ ሊሾ ላይ ያነጠፈ ባለቤት የሚያገኘው ያበጠ ወለል ነው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በአንድ ወር ኪራይ ጉጉት የመላው ወለል ወጪ ይደገማል።

እንግዲህ ገዥም ተከራይም ከመፈረማቸው በፊት «ፓርኬ» የሚለውን ቃል ያብራሩት። ላሚኔት ከሆነ ውፍረቱና የኤሲ ቁጥሩ፣ እንጨት ከሆነ ዓይነቱና ውፍረቱ በውሉ ላይ ይጻፍ። ሐቀኛ ሻጭ ይህን ለመጻፍ አይቸገርም፤ የሚያንገራግር ካለ ግን ዋጋው ገና አልተጨረሰም ማለት ነው።