ፊደላችን የሚያድርበት ማኅደር

ከቂሊንጦ ተነሥቶ ለሥራ ወደ መሐል ከተማ የሚወጣ ሰው፣ ማለዳ ሰልፍ ይዞ፣ ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ በቃሊቲ መንገድ በከባድ መኪናዎች መካከል እየተሹለከለከ እስኪደርስ ድረስ የሚያጠፋውን ጊዜ፣ ማታ ሲመለስ ከሚያጠፋው ጋር ቢደምረው፣ በዓመቱ መጨረሻ አንድ መደርደሪያ ሙሉ መጻሕፍት ሊያነብበት ይችል የነበረ ዕድሜ ሆኖ ያገኘዋል። እኔም በዚህ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ጠርዝ፣ ትናንት ጤፍ ይዘራበት በነበረው መረሬ ምድር ላይ በቆመ የጋራ መኖሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ መኖር ከጀመርሁ ወዲህ፣ ይህ ዕድሜ በከንቱ እንዳይባክን ስል፣ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ የሚባለውን ሰሌዳ የምገለገል ሰው ሆኛለሁ፤ ውጭ አገር የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ከመቶ ዶላር በላይ ከፍሎ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ።

ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የሚኖር፣ በሰፈራችን ባለው በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ወጣት ደግሞ የሌላ ኩባንያ ሥራ የሆነ ማንበቢያ አለው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ተፈልቶ ስንቀመጥ፣ ወሬያችን ከኑሮ ውድነት ተነሥቶም ቢሆን መጨረሻው ወደ ሁለቱ ሰሌዳዎች ነው። ሰጋር በቅሎ የነበራቸው የድሮ ሰዎች ስለ በቅሏቸው አረማመድና ስለ ጆሮዋ አቋቋም ሲያወሩ ፊታቸው እንደሚበራ ሁሉ፣ የማንበቢያ ባለቤቶችም ስለየራሳቸው ሰሌዳ ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጣል፤ ቅለቱን፣ ገጹን የሚገልጥበትን ፍጥነት፣ ያቆሙበትን ቃል ሳይረሳ የሚጠብቅላቸው መሆኑን እየጠቀሱ ያወድሳሉ። «ጋሼ፣ የእርስዎ ጎተራው ሰፊ ነው፤ የእኔ ግን በሩ ክፍት ነው» አለኝ አንድ እሑድ፤ ቃሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኅሊናዬ አልወጣም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ይህ ሰሌዳ ከስልክና ከታብሌት የሚለየው በቀለሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የወጡ ሰዎች ኢ ኢንክ የተባለውን ኩባንያ መሥርተው ባወጡት ጥበብ፣ በገጹ ሥር እያንዳንዳቸው የሰው ጠጉር ውፍረት ያህል የሆኑ እልፍ አእላፍ እንክብሎች ይገኛሉ፤ በየእንክብሉ ውስጥ ደግሞ ነጭና ጥቁር ረቂቃን ቅንጣቶች በፈሳሽ ውስጥ ይንሳፈፋሉ፤ የኤሌክትሪክ ኀይል አንዱን ወደ ላይ ሲስብ ሌላው ወደ ታች ይሰምጣል፤ ከላይ የቀረው ጥቁር ከሆነ ፊደል፣ ነጭ ከሆነ ባዶ ብራና ይሆናል። ቀለሙ አንድ ጊዜ ቦታውን ከያዘ በኋላ ኀይሉ ቢቋረጥ እንኳ አይነቃነቅም። ስለዚህ ሰሌዳው ኀይል የሚፈጀው በተለይ ገጽ ሲገለጥ ነው፤ አንድ ጊዜ ቻርጅ ከተደረገ ሳምንታት ይቆያል፤ በፀሐይ ብርሃንም እንደ ወረቀት ይነበባል። መብራት ሄዶ በጨለማ በሚያድር ሰፈር ይህ ቀላል ጸጋ አይደለም።

የኩባንያዎቹ ፉክክር እነሆ ሃያ ዓመት አልፎታል። የጃፓኑ ሶኒ ይህን ቀለም የተቀበለ ማንበቢያውን ሊብሪዬ ብሎ በ1996 ዓ.ም. ለገበያ አወጣ፤ ነገር ግን ለእርሱ የሚሸጡት መጻሕፍት ከ60 ቀን በኋላ የማይከፈቱ ስለ ነበሩ፣ ገዢው ባለቤት ሳይሆን ተከራይ ነበረ። እኛ አዲሱን ሺህ ዓመት በብዙ ደስታ ተቀብለን ሁለት ወር ገደማ በቈየን ጊዜ፣ ኅዳር 9 ቀን 2000 ዓ.ም. የአሜሪካው አማዞን ኪንድልን በ399 ዶላር አቀረበ፤ ያዘጋጀውም ሁሉ በአምስት ሰዓት ተኩል ተሸጦ አለቀ። ኪንድል ማለት በእንግሊዝኛ እሳትን መለኰስ ማለት ነው። በ2002 ዓ.ም. የካናዳው ኮቦ ተከተለ፤ ይህም ስም በእንግሊዝኛ መጽሐፍ የሚለው ቃል ፊደላቱ ተገለባብጠው የተሠራ ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2014 መደብሩን ዘግቶ ደንበኞቹን ለኮቦ ሲያስረክብ፣ ትልቁ ፉክክር በሁለቱ መካከል ቀረ። ኪንድል ትልቅ መደብር ያለው፣ ነገር ግን የራሱን የመጽሐፍ ቅርጽ የሚሻ ሆነ፤ ኮቦ ደግሞ ኢፐብ የተባለውንና የማንም ኩባንያ ንብረት ያልሆነውን ቅርጽ እንዲሁ በቀጥታ የሚያነብብ ሆነ። ጎረቤቴ ጎተራና በር ያለው ይህንን ነው።

የበሩን ነገር ትንሽ ላብራራው፤ ከሁሉ የሚከብደኝ እርሱ ነውና። በሐምሌ 2001 ዓ.ም. አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን ሁለት መጻሕፍት ከገዢዎቹ ሰሌዳ ላይ ከሩቅ ሆኖ ሰረዘ፤ ቅጂዎቹን የሸጠው ወገን መብት እንዳልነበረው ገልጾ ገንዘቡን መለሰ፤ በኋላም የኩባንያው አለቃ ይቅርታ ጠየቁ። ከተሰረዙት አንዱ መንግሥት የተጻፈውን እየፋቀ ያለፈውን ዘመን ስለሚለውጥበት ዓለም የሚናገረው መጽሐፍ ነበረ። እንደገና በየካቲት 2017 ዓ.ም. ይኸው ኩባንያ፣ ገዢው የገዛውን መጽሐፍ ወደ ኮምፒዩተሩ አውርዶ በገመድ የሚያሻግርበትን መንገድ ዘጋ። ሕጉ ምንም ይበል፣ እኔ ግን ይህን ስሰማ የማስበው የአባቴን ዳዊት ነው። አባቴ ዳዊታቸውን በቆዳ ማኅደር ከትተው በአልጋቸው ራስጌ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉት ነበር፤ ኅዳጉ በጣታቸው ወዝ ጠቍሮ፣ የልጆቻቸው የልደት ቀን በመጨረሻው ቅጠል ላይ ተጽፎበት፣ ከእርሳቸው ወደ ታላቅ ወንድሜ፣ ከእርሱም ወደ ልጁ ተላልፏል። በዚያ ሁሉ ዘመን ማንም ከሩቅ አገር ሆኖ አንዲት መዝሙር አልፋቀበትም። ለውርስ የማይሆን፣ ለጎረቤት የማይዋስ መጽሐፍ ገንዘብ አውጥቶ ያነበበው ሰው ንብረት ነው ለማለት አንደበቴ አይታዘዘኝም።

አንድ ቅዳሜ ከቃሊቲ ወደ ሰፈሬ ስመለስ፣ በዘንቢል ስንቅ የያዙ እናት አጠገቤ ተቀመጡ። በስንቁ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ መጽሐፍ ነበረ፤ ወዴት እንደሚሄዱ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ቂሊንጦን ብዙ ሰው የሚያውቀው በማረሚያ ቤቱ ነውና። በእጄ ያለውን ሰሌዳ ጥቂት ተመልክተው ስንት መጽሐፍ እንደሚይዝ ጠየቁኝ፤ ብዙ ሺህ ሊይዝ እንደሚችል ስነግራቸው ተደንቀው፣ «ይህንን ያስገባሉ ወይ?» አሉኝ። «አይ እናቴ፣ የኤሌክትሮኒክ ዕቃ በዚያ በር አያልፍም» አልኋቸው። «እንግዲያው ወረቀቱ ይሻላላ» ብለው ዘንቢላቸውን ወደ ጕልበታቸው አስጠጉ። በዚያ በር ተፈትሾም ቢሆን ለልጃቸው ሊደርስ የሚችለው ያ በጋዜጣ የተጠቀለለው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነበረና፣ ስለ ሺህዎቹ የነገርኋቸው ነገር ለእርሳቸው ዋጋ አልነበረውም።

አሁን ወደ ፊደላችን ነገር ልምጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ከአንድ ወዳጄ ያገኘሁትን የአማርኛ ጽሑፍ በሰሌዳዬ ላይ ስከፍት፣ ከፊደል ይልቅ በረድፍ የተደረደሩ ባዶ ሣጥኖች አየሁ፤ የጎረቤቴም ሰሌዳ ይኸው ነበረ። ጥፋቱ የጽሑፉ አዘጋጅ ነው፤ ቅርጸ ፊደሉን ከጽሑፉ ጋር አብሮ አላኖረውም ነበር። ወጣቱ ጎረቤቴ አቢሲኒካ የተባለውንና በነፃ የሚገኘውን ቅርጸ ፊደል በሁለቱም ሰሌዳዎች ላይ ቢጭን፣ ሣጥኖቹ ሁሉ ተከፍተው ከየሣጥኑ ሀ እና ለ ወጡ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል፤ ስደተኛ ዘመድ በሰላም ከቤት የገባ ያህል ነበረ።

ፊደላችን አዲስ መሣሪያ በተፈለሰፈ ቍጥር ደጅ መጥናቷ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ በሮማ ካሉ ኢትዮጵያውያን መነኰሳት ግዕዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን ባያሳትም ኖሮ፣ ወደ ማተሚያ መኪና የምትገባበት ቀን ምን ያህል በዘገየ ነበር! ኢንጂነር አያና ብሩ የጽሕፈት መኪናን ለአማርኛ ሊያመቻቹ ሲነሡ፣ ከሁለት መቶ የሚበልጠውን ፊደል በጥቂት ቁልፎች ለማብቃት የሆሄያቱን አካልና ቅጥያ ለያይተው መገጣጠም ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እነ ዶክተር አበራ ሞላና አቶ ፍሥሐ አጥላው በኮምፒዩተር ላይ ሊያሰፍሯት ደከሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት ሁሉ መዝገብ ውስጥ ስፍራዋን አገኘች። ስለዚህ ዛሬ መሣሪያው ፊደላችንን አይችልም የሚል ሰበብ የለንም፤ በሩ በብዙ ሰዎች ድካም ተከፍቷልና።

ታዲያ ሰሌዳው ተዘጋጅቶ ሳለ በውስጡ የሚያድረው የአማርኛ መጽሐፍ የት አለ? በብዛት ያለው ሶፍት ኮፒ እየተባለ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው ፒዲኤፍ ነው፤ አብዛኛው በስልክ ካሜራ ገጽ በገጽ የተነሣ፣ አንዳንዱም የአንሺው አውራ ጣት በኅዳጉ ላይ የሚታይበት ሥዕል ስለ ሆነ፣ በስድስት ኢንች ሰሌዳ ላይ ሲከፈት ፊደሉ ከአሸዋ ይደቅቃል፤ ቢያሰፉት መስመሩ ከገጹ ያመልጣል። ከዚህም የሚከፋው የደራሲውን እንጀራ የሚነጥቅ መሆኑ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 በ1996 ዓ.ም. መውጣቱን፣ ይኸውም ሶኒ ያንን የመጀመሪያ ሰሌዳ ባወጣበት ዓመት መሆኑን ሳስብ፣ ሕጉና መሣሪያው አብረው ተወልደው ሳይተዋወቁ እንዳደጉ ይታየኛል። አንባቢውን ግን ሌባ ብዬ ለመውቀስ አልደፍርም፤ ገዝቶ በሰሌዳው ሊያነብብ ቢፈልግ የሚገዛበት ስፍራ እምብዛም አያገኝምና።

ከሁለቱ የትኛውን ልግዛ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ፍርዴ ይህ ነው። የሚያነብበው እንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ፣ በውጭ ገንዘብ የሚከፍልለትም ዘመድ ካለው፣ የኪንድል መደብር ሰፊ ነውና ይበቃዋል። በአማርኛ ለማንበብ ተስፋ የሚያደርግ፣ የገዛውንም መጽሐፍ በገዛ እጁ ሊያኖር የሚሻ ግን፣ ኢፐብን በቀጥታ የሚቀበለውን ይምረጥ፤ ዛሬ ለገበያ ከቀረቡት መካከል ለዚህ ዓይነተኛው ኮቦ ነው። ኪንድል ቀድሞ የያዘም ሰው አይዘን፤ ካሊበር የተባለው ነፃ ፕሮግራም ኢፐብን ወደ ኪንድል ቅርጽ ይለውጥለታል።

የሚቀረው የእናንተ፣ የአሳታሚዎችና የደራስያን ፈንታ ነው። መጽሐፋችሁ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት በኮምፒዩተር የተለቀመ ጽሑፍ ሆኖ በእጃችሁ አለ፤ ያንኑ ቅርጸ ፊደሉን አብራችሁ በኢፐብ አዘጋጁት፤ በቴሌብር የሚከፈል ተመጣጣኝ ዋጋ ቍረጡለት፤ የወረቀቱን እትምም ለዚያች እናት ዓይነት ሰዎች አታቋርጡ። ለመጀመሪያው ዓመት ከእያንዳንዱ አሳታሚ አንድ መጽሐፍ ብቻ ይውጣልን፤ እኔና ጎረቤቴ በሁለቱ ሰሌዳዎቻችን ላይ ልናነብበው፣ ዋጋውንም ልንከፍል ዝግጁ ነን።