ግማሽ ጥቅስ፣ ሙሉ ውሸት

ክርክር ለጋሞ ምድር እንግዳ ነገር አይደለም። ከዩኒቨርሲቲውም ከማይክሮፎኑም በፊት ዱቡሻ ነበረ። ሽማግሌው ይመርቃል፣ ተናጋሪው በተራው ይነሳል፣ ነገሩ እስኪጠራ ይመከራል። እዚያ አደባባይ ላይ መዋሸት ደግሞ ጎሜ ነው፤ መዘዙ ለዋሾው ብቻ ሳይሆን ለዘመዱ፣ ለከብቱና ለአዝመራው የሚተርፍ ነውር።

እስቲ ከዚያ ወደ ተማሪዎቻችን የክርክር ውድድር እንምጣ። አንድ ተመራማሪ፣ «መስኖው የአባያን ውኃ ሊቀንሰው ይችላል፤ በሁለት ዓመት ልኬት ብቻ ግን መደምደም አይቻልም» ብሎ ጻፈ እንበል። ተከራካሪው «ሊቀንሰው ይችላል» እስከሚለው ድረስ ያነብና ወረቀቱን ያጣጥፋል። ጭብጨባ! ተቃራኒው ቡድን ጥናቱን አላየውም፤ ዳኛውም «እስቲ ገጹን አሳየኝ» አይልም። አሁን አሁንማ መቁረጡም ቀርቷል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያልተጻፈ ጥናት ከነደራሲው ስም ፈጥሮ ይሰጣል፤ ልጁም ሳያጣራ ያነበንበዋል።

«ጨዋታ እኮ ነው፤ ሁሉም እንዲሁ ያደርጋል» የሚሉ አሉ። ኧረ ተዉ! ኳስ በእጁ ያገባም ጨዋታ ላይ ነው፤ ግቡ ግን ይሻራል።

ደግሞስ የምንጫወተው የት ነው? አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1986 የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረ ነው። ከዚህ የሚወጣ ልጅ ነገ ስለ ግድብ፣ ስለ መስኖ፣ ከደጋው ታጥቦ አባያ ስለሚገባው አፈር ሪፖርት ይጽፋል። «ግን» የምትለውን ቃል እየቆረጠ መሸለም የለመደ ሰው፣ የገበሬው ማሳ ላይ ሲደርስ ይመልሳታል?

የታመነ ቃል ምን ሊሠራ እንደሚችል ይህች ከተማ ራሷ አይታለች። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ወገኖቻቸው ተገድለው የተቆጡ ወጣቶችን፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው ለመኗቸው። ወጣቱ ተመለሰ። አፈ ጮሌ ስለሆኑ ነው? አይደለም፤ ቃላቸው ስለሚታመን ነው።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ጥናት የሚጠቅስ ሁሉ ሙሉ ገጹን ከክርክሩ በፊት ለተቃራኒው ቡድን ይስጥ። ቆርጦ ወይም ፈጥሮ የተገኘ፣ ነጥብ መቀነስ ብቻ ሳይሆን ክርክሩን ይሸነፍ። ዳኛውም ከአንደበት በፊት ማስረጃ ይመዝን። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባል የለ! ዋንጫ ያጣ ተማሪ ለከርሞ ይወዳደራል፤ ቃሉ የማይታመን ምሁርን ግን ማን ይሰማዋል?