ኪሎ ሜትር ወይስ ቀን?

ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ናት፤ ለቢስክሌት የተመቸች። ከሰልጣኞችም ከመምህራንም በቢስክሌት የሚመላለሱት ጥቂት አይደሉም። ሰሞኑን ታዲያ በቡድን በቡድን ሆነን፣ የነዳነውን ኪሎ ሜትር በመዝገብ እያሰፈርን በወዳጅነት እንወዳደር የሚል ሐሳብ ተነሥቷል። ሐሳቡን እንደግፋለን። አቆጣጠሩ ግን ይታሰብበት እንላለን።

ኪሎ ሜትር ብቻ ከተቆጠረ ውድድሩ ሳይጀመር አለቀ ማለት ነው። 6 ኪሎ ሜትር ርቆ ቤት የተከራየ ሰልጣኝ ደርሶ መልስ በቀን 12 ሲያስመዘግብ፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር ላይ የሚኖረው 1 ብቻ ያገኛል። ይኼ የቤት ኪራይ ውድድር እንጂ የቢስክሌት ውድድር ነው እንዴ?

በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ በጎዳና ላይ የቢስክሌት ውድድር የኢትዮጵያ ቡድን 9ኛ ወጥቷል። የቡድን ውጤት የሚገኘው የ3 ተወዳዳሪዎች ደረጃ ተደምሮ ነበር። አንዱ ቀድሞ ቢገባ፣ ሦስተኛው ወደኋላ ከቀረ ቡድኑም አብሮ ይቀራል።

ስለዚህ ኪሎ ሜትሩ ይመዝገብ፤ ነጥቡ ግን እያንዳንዱ አባል በቢስክሌት በመጣበት ቀን ብዛት ይሰጥ። ያን ጊዜ ጎማው የተነፈሰበትን ጓደኛውን መንገድ ላይ ትቶ የሚያልፍ አይኖርም፤ የሚጎዳው የራሱ ቡድን ነዋ!

መዝገቡንም እያንዳንዳችን በገዛ እጃችን እንሙላ፤ ተቆጣጣሪ አያስፈልገንም። ነገ የተማሪ ማርክ የምንሞላ ሰዎች፣ ዛሬ ያልነዳነውን ኪሎ ሜትር ከጻፍን ምን ልናስተምር ነው?