“ትብብር” ሲባል ውሉን ማን ፈረመ?

በእስያ የኪነ ጥበብ መድረኮች “ትብብር” የሚለውን ቃል ያህል የሚወደድ ቃል የለም። አንድ የባህል ባለሙያና አንድ ዘመናዊ ሠዓሊ ወይም ዳይሬክተር ጎን ለጎን ቆመው ፎቶ ይነሣሉ፤ አምባሳደሩ ሪባን ይቆርጣል፤ መግለጫው ላይ “የባህል ድልድይ” የሚል ሐረግ ይገባል። ጭብጨባው ሲያበቃ ግን የሚጠየቅ ነገር ይቀራል። ውሉ ላይ የማን ስም ሰፈረ? የሥራው ባለቤት ማን ሆነ? የባህሉ ባለሙያ “ይህን አልሠራም፤ አገሬ መልሱኝ” ቢል ይችል ነበር? ይህ ካልተመለሰ ድልድይ የሚባለው ነገር አንዱ ቀንዷን ይዞ ሌላው የሚያልባት ላም ነው።

ማስረጃ ለሚፈልግ የህንዳዊው ሠዓሊ የጃንጋር ሲንግ ሺያም ታሪክ አለ። ጃንጋር የተወለደው በማዕከላዊ ህንድ፣ በማድያ ፕራዴሽ ግዛት፣ ፓታንጋር በምትባል መንደር ነው። ወገኖቹ ፓርዳን ጎንድ ይባላሉ። እንደ እኛ አዝማሪዎች ናቸው፤ ባና የተባለውን በደጋን የሚገዘገዝ መሣሪያ ይዘው የአማልክትንና የአባቶችን ታሪክ እየዘፈኑ፣ ከጎንድ ባለጸጎች በሚሰጣቸው ስጦታ ይኖሩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ዘመናዊው ሠዓሊ ጃግዲሽ ስዋሚናታን ቦፓል ከተማ ለሚከፈተው ለባራት ባቫን ሙዚየም ሥራ የሚሰበስቡ ወጣቶችን ወደ ገጠር ላከ። ወጣቶቹ በመንደሩ ግድግዳ ላይ የጃንጋርን ሥዕል አዩ። ጃንጋር ቦፓል መጣ፤ ወረቀትና ቀለም አገኘ። ስዋሚናታን የገጠሩን ሥራ ከከተማው ሥራ ጋር በአንድ ሙዚየም ውስጥ አኖረ፤ ሁለቱም የአንድ ዘመን ሰዎች ሥራ ነው ብሎም ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጃንጋር ሥራ ፓሪስ በፖምፒዱ ማዕከል ለእይታ ቀረበ። እሱ የጀመረው ስልት ዛሬ በስሙ “ጃንጋር ካላም” ይባላል። እስከዚህ ድረስ ትብብሩ የሚያኮራ ነው።

ከዚያ 2001 መጣ። ጃንጋር ጃፓን ውስጥ፣ ኒጋታ ግዛት በሚገኝ አንድ ሙዚየም እየኖረ እንዲሥል ተጋብዞ ሄደ። እዚያው ሳለ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ዕድሜው 40 ዓመት ገደማ ነበር። የአንድን ሰው ሞት ምክንያት ከሩቅ ሆኖ መበየን አይገባም። ነገር ግን በወቅቱ የህንድ ሠዓሊዎችና ጸሐፊዎች ያነሷቸው ጥያቄዎች ዛሬም አልቀዘቀዙም። ስንት ይከፈለው ነበር? ወደ ቤቱ መመለስ ሲፈልግ የሚወስነው ማን ነበር? በሰው አገር፣ ቋንቋውን በማይናገሩ ሰዎች መካከል፣ ችግር ቢገጥመው አቤት የሚለው ለማን ነበር? ፓሪስ ድረስ የታወቀ ሠዓሊ እንኳ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከኋላው ከተነሣ፣ ስሙ ያልታወቀው እንዴት ሊሆን ነው?

ከዚያችው መንደር የወጣውን ሌላ ሰው ደግሞ እንመልከት። የጃንጋር ዘመድ ባጁ ሺያም ሥራ ፍለጋ ቦፓል ገብቶ በዘበኝነት ሠርቷል፤ በኋላም የጃንጋር ረዳት ሆኖ ሥዕል ተማረ። ለንደን ውስጥ የአንድ የህንድ ምግብ ቤት ግድግዳ እንዲሥል ተጋበዘ። ሲመለስ ያየውን ከተማ በጎንድ ዓይን ሣለው፤ ቢግ ቤን የተባለውን ሰዓት አውራ ዶሮ አደረገው፤ አውቶቡሱን ታማኝ ውሻ አደረገው። ቼናይ ከተማ ያለው ታራ ቡክስ የተባለ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2004 ይህን በመጽሐፍ አወጣው። ሽፋኑ ላይ በደራሲነት የሰፈረው የባጁ ስም ነው። ይኸው አሳታሚ ባጁ ከሁለት የጎንድ ሠዓሊዎች ጋር ስለ ዛፎች የሠራውን መጽሐፍ በእጅ አትሞ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በጣሊያን ቦሎኛ የሕፃናት መጻሕፍት አውደ ርእይ ተሸለመ። እዚያም ሦስቱም በስማቸው ተጠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ባጁ ፓድማ ሽሪ የተባለውን የህንድ መንግሥት ኒሻን ተቀበለ።

ሁለቱም የአንድ መንደር ልጆች ናቸው፤ ስልታቸውም አንድ ነው። ዘመናዊው ሰው፣ ማለትም አዘጋጁ፣ ዲዛይነሩና አሳታሚው፣ በሁለቱም ታሪክ ውስጥ አለ። ስለዚህ ጥያቄው ባህላዊውና ዘመናዊው ይገናኙ ወይስ አይገናኙ የሚል አይደለም። ሲገናኙ የባህሉ ባለሙያ ደራሲ ሆኖ ይቀመጣል ወይስ ጥሬ ዕቃ ሆኖ ይቀርባል ነው።

በመድረክም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የሲንጋፖሩ ዳይሬክተር ኦንግ ኬንግ ሴን፣ በጃፓን ፋውንዴሽን የእስያ ማዕከል ድጋፍ፣ የሼክስፒርን “ንጉሥ ሊር” መነሻ ያደረገ ትልቅ ቲያትር ሠራ። ጽሑፉ የጃፓናዊቷ የሪዮ ኪሺዳ ነበር። የጃፓን የኖ ተዋናይ፣ የቻይና የቤጂንግ ኦፔራ ተዋናይ፣ የታይላንድና የኢንዶኔዥያ ባለሙያዎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቋንቋና ስልት ተጫወቱ። አድናቂው ብዙ ነበር። ህንዳዊው የቲያትር ሃያሲ ሩስቶም ባሩቻ ግን አጥብቆ ተቸው፤ የየአገሩ ወግ ለዓይን የሚማርክ ትርኢት ሆኖ ተበላ የሚል ነበር ክሱ። ባሩቻን ሁሉም አልተቀበለውም፤ ክርክሩ ግን ተገቢ ነበር። ገንዘቡ ከአንድ ቦታ፣ ሐሳቡ ከሌላ ቦታ፣ አካሉና ድምፁ ደግሞ ከሦስተኛ ቦታ ሲመጣ፣ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን እንደሆነ መጠየቅ ምቀኝነት አይደለም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ጃፓናዊው የሙዚቃ ደራሲ ቶሩ ታኬሚትሱ ቀደም ብሎ አሳይቷል። የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ 125ኛ ዓመቱን ሲያከብር ሥራ አዘዘው። እሱም “የኖቬምበር እርምጃዎች” የተባለውን ድርሰት ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1967 በሴይጂ ኦዛዋ መሪነት ቀረበ። ኪንሺ ትሱሩታ ቢዋ የተባለውን ባለ አውታር መሣሪያ፣ ካትሱያ ዮኮያማ ደግሞ ሻኩሃቺ የተባለውን የቀርከሃ ዋሽንት ተጫወቱ። ታኬሚትሱ የጃፓኑን ድምፅ የኦርኬስትራው ቅመም አላደረገውም። ሁለቱን ፊት ለፊት አቆማቸው። ኦርኬስትራው ዝም ብሎ ሁለቱ ባለሙያዎች ብቻቸውን የሚጫወቱበት ረጅም ክፍል አለ። እዚያ ላይ የሚያዳምጠው ዘመናዊው ነው።

“ዘመናዊው ባይደርስለት ባህሉ ይሞት ነበር” የሚል መከራከሪያ ሁልጊዜ ይቀርባል። ግማሹ እውነት ነው። የፓርዳን ዘፋኞች ይኖሩበት የነበረው ስጦታ ሲመናመን፣ ወረቀትና ሸራ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል። ግን ወንዝ የወሰደውን ሰው ያወጣ ሁሉ ልብሱን የመውሰድ መብት የለውም። ውለታው ምስጋና ይገባዋል፤ የባለቤትነት ወረቀት ግን አይሆንም።

ሕጉም ቢሆን ለደካማው አያግዝም። የቅጂ መብት በስሙ የሚታወቅ ፈጣሪን ይጠብቃል፤ አንድ ማኅበረሰብ ለዘመናት በጋራ ያቆየውን ግን ብዙ ጊዜ ባለቤት እንደሌለው ያልፈዋል። ዘመናዊው ሙዚቀኛ የመንደሩን ዜማ ሲያቀናብር ቅንብሩ በስሙ ይመዘገባል፤ ዜማው “የሕዝብ” ተብሎ ይታለፋል። የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት በዚህ ላይ የሚደራደር ኮሚቴ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ ስምምነት ጸደቀ፤ እሱም በዘረመል ሀብትና ከዚያ ጋር በተያያዘ ባህላዊ እውቀት ላይ የተወሰነ ነው። ዘፈኑ፣ ጭፈራውና ሥዕሉ አልተካተቱም። ስለዚህ ዛሬ በእጅ ያለው መከላከያ ውል ብቻ ነው።

ውሉ ደግሞ ከባድ ነገር አይጠይቅም። የባህሉ ባለሙያ ስም ከዘመናዊው እኩል፣ በእኩል ፊደል ይጻፍ። ክፍያው በሚረዳው ቋንቋ፣ ከጉዞ በፊት ይነገረው። ሥራው ሲሸጥ፣ ሲታተም ወይም ሲቀረጽ ድርሻው ይታወቅ። ፓስፖርቱና የመመለሻ ትኬቱ በእጁ ይሁን፤ “በቃኝ” ባለ ቀን ይመለስ። ገንዘብ የሚሰጡ መንግሥታትና ፋውንዴሽኖች ይህን ያላሟላ ፕሮጀክት አንድ ሳንቲም እንዳያገኝ ማድረግ ይችላሉ። እስካሁን ካላደረጉት አቅም አጥተው አይደለም፤ ስላልተጠየቁ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ “የባህል ድልድይ” የሚል ፖስተር ሲለጠፍ፣ ዘጋቢው ትርኢቱ ምን ያህል እንደሚያምር ከመጻፉ በፊት ውሉን አሳዩኝ ይበል። አዘጋጁ አላሳይም ካለ ዜናው እሱ ነው።